ጓንትሽን ሳታወልቂ

ስትሪትሃም፣ ለንደን
ዲሴምበር 1 ቀን 2009

ለልጅ ልጄ ለማህደር፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ሰናይትም ደህና ናት። ደህና ያልሆነው ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለራችን ነው፤ ሦስት ቀን ሲያስለው ሰነበተና ትናንት ጸጥ አለ። ቤቱን የሚያከራየን ካውንስል ሰው እልካለሁ ብሏል። እስከዚያ ሳሎን ውስጥ ካፖርቴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ ነው የምጽፍልሽ። ስለዚህ "የፈረንሳይ ተራራ በረደኝ" ብለሽ ብዙ አትኩሪብኝ።

ቃልሽን ጠብቀሽ በአማርኛ ስለጻፍሽልኝ ተመስገን። "ደብዳቤ ካልጻፍሽልኝ አልመርቅሽም" ያልኩሽ ለቀልድ አልነበረም። ስልክ ስናወራ እናትሽ አጠገቤ ቆማ የምለውን ሁሉ ስታርም ቆይታ መጨረሻ ላይ ከጆሮዬ ትነጥቀኛለች። ደብዳቤ ግን የግሌ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ አዋላጅ ነርስነት ልትማሪ ቦታ አግኝተሽ፣ "እስከዚያ ዊንተሩን ስኪ ትምህርት ቤት የፈረንጅ ሕፃናት እጠብቃለሁ" ስትዪ አልተከራከርኩሽም። ጤነኛ ሰው ሁለት እንጨት ላይ ቆሞ፣ ያውም ከፍሎ፣ ገደል እንደሚወርድ ግን ዛሬም አላመንኩም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እጄ ቶሎ ስለሚበርደኝ የትኛውን ጓንት ልግዛ ነው ያልሽኝ። ባለ ጣቱን ተዪው። እሱ እያንዳንዷን ጣት ለየብቻ ክፍል አከራይቶ በብርድ የሚፈጃት ክፉ ባለቤት ነው። ድፍኑን ግዢ፤ ያንን አውራ ጣትን ብቻ ነጥሎ አራቱን በአንድ ክፍል የሚያሳድረውን። እኛም ቶተንሃም ውስጥ አራት ሰው ባንድ ክፍል ስናድር ማሞቂያ አልነበረንም፤ ግን ማንም በርዶት አልሞተም። መተንፈሻ አጣን እንጂ።

አሁን አንድ ነገር። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ልክ የማትረባ ነገር ይመስል፣ በአንድ መስመር "ጣቶቼ አንዳንዴ እንደ ጠመኔ ይነጣሉ፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት" ብለሽ አልፈሻል። አልነግራትም። አንቺ ግን ንገሪኝ። የትኞቹ ጣቶች ናቸው? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሲመለስ ያምሻል ወይ? ይህን የምጠይቅሽ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ ነው። ሽማግሌ ምን ሥራ አለው?

አያትሽ ዘርይሁን


ስትሪትሃም
ዲሴምበር 12 ቀን 2009

ለማህደር፤ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ አንዳንዴም መሐለኛዋ። ሃያ ደቂቃ። መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ሲሞቅ ቀይ ሆኖ እንደ መርፌ ይወጋል። ገባኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን እናትሽ ስለመጣች አቋረጥኩት።

አብረውሽ የሚሠሩት ልጆች የአያትሽ ሁለት ጣቶች የት እንደቀሩ ጠየቁኝ ላልሽው፣ አዲሱ ታሪክ ይኸውልሽ። ለንደን መካነ አራዊት አንድ የሐረር አንበሳ ነበር። በአማርኛ "እንደምን ዋልክ" ስለው ደስ አለው፤ ተጨባበጥን፤ ከዚያ ሁሉንም ልመልስልህ አልችልም አለኝ። በፊት የነገርኩሽ የሰርጉ ታሪክ ውሸት ነበር። እውነተኛው ይኸኛው ነው።

ጓንቱን ራሴ ገዛሁልሽ። ዋናው መንገድ ላይ ያለችው ሱቅ ገባሁና ለሻጯ "ለበረዶ ሸርተቴ" ስላት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ለራስዎ ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ውድድር አለኝ" አልኳት። ድፍኑንና ባለ ጣቱን፣ ሁለቱንም ገዝቼ፣ ደረሰኙን ኪሴ ከትቼ፣ በቀጥታ ሱፐርማርኬቱ በረዶ ቤት ሄድኩ። ድፍኑን በግራ እጄ፣ ባለ ጣቱን በቀኝ እጄ አጥልቄ፣ ሁለቱንም እጆቼን የቀዘቀዘ አተር ውስጥ ቀብሬ ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። ዘበኛው መጣ። ደረታቸው ላይ ስም የሚለጥፉት ነገር አለ አይደል? አየሁት፤ ደረጄ ይላል።

"አባባ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?" አለኝ በአማርኛ።

"ሁለት ጣት" አልኩት።

የቀኙን ጓንት አውልቄ አሳየሁት። ልጁ ክው አለ። "እዚህ ነው የጠፋው?"

"አይ፣ የቆየ ነው። ዛሬ የመጣሁት የቀሩትን ልፈትን ነው።"

ግራና ቀኙን አየና፣ "በሉ ቶሎ ያጥልቁት፣ ካሜራ አለ። እኔ ሰዓቱን እይዝልዎታለሁ" አለኝ። የሰው ልጅ ማለት ይሄ ነው። ድፍኑ በሰባት ደቂቃ አሸነፈ። ባለ ጣቱን ለሻጯ መለስኩና "ውድድሩ ተሰረዘ" አልኳት።

በፖስታ የላክሁልሽ ከልክሽ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ነው። ሰፋ ብሎ አታጉረምርሚ፤ የጠበበ ጓንት ደም ያፍናል። ከውስጡ የምትለብሺው ስስ የሱፍ ጓንት ሁለት ጥንድ ጨምሬያለሁ፤ አንዱ ሲረጥብ ወዲያው ቀይሪው። እጀታው ረጅም ነው፤ ከጃኬትሽ በላይ አድርጊው። ገመዱን አንጓሽ ላይ ማሰር እንዳትረሺ፤ የወደቀ ጓንት የማንም ጓንት አይደለም።

ሰባት ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማህደር። እኔ አውቃለሁ።

አያትሽ


ዲሴምበር 27 ቀን 2009
ከተራራው

ውድ አባባ፤

እንደምን አሉ? እማዬ እንዴት ናት? ቦይለሩ ተሠራ?

ጓንቱ ደረሰኝ። በጣም አሪፍ ነው! ሁሉም ሰው እንደ ቡጢ ተጫዋች አደረገሽ እያለ ሳቀብኝ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ሦስት ሰው ከየት አመጣሽው አለኝ። ከውስጥ የሱፉን፣ ከላይ ድፍኑን ለብሼ ሳልነጣ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። የአንበሳውን ታሪክ ወጥ ቤት ለሚሠራው ለሬድዋን ነገርኩት። ለንደን ውስጥ ሃርልስደን ነው የሚኖረው፣ አዲስ አበባ ነው ያደገው። "አያትሽ ጥሩ ዋሽቷል፣ ግን ለምን ይዋሻል?" አለኝ። እኔም ለምን እንደሚዋሹ አላውቅም አልኩት። እውነት ለምንድን ነው?

አንድ ደስ የሚልዎት ነገር ልንገርዎት። ጠዋት ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን በረዶው ላይ ያስረክቡናል። ሠላሳ ያህል ናቸው። እኔ እያንዳንዳቸውን ጓንቴን አውልቄ ነው የምጨብጣቸው። ሌሎቹ ሠራተኞች በጓንት ነው፣ ወይም ጭራሽ አይጨብጡም። አለቃዬ "አንቺ ብቻ ነሽ የምታወልቂው፣ ማን አስተማረሽ?" አለችኝ። አያቴ አልኳት። ትዝ ይልዎታል? ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ እማማ ሮማንወርቅን በቀዩ ጓንቴ ልጨብጣቸው ስል ጆሮዬን ቆንጥጠው "ጓንት ለብሶ ሰው የሚጨብጥ ሐኪም ብቻ ነው" አሉኝ። አልረሳሁትም።

የምትወድዎት ልጅዎ
ማህደር


ስትሪትሃም
ጃንዋሪ 3 ቀን 2010

ማህደር፤

ለገና እንኳን አደረሰሽ ለማለት አራት ቀን ቀድሜያለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰላምታውንም አሳጠርኩ፤ ለዚያም ይቅርታ። ይህ ደብዳቤ ፈጥኖ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ የምገኘው እኔ ነኝ።

ጓንትሽን አታውልቂ።

ለወላጆቹ አታውልቂ፣ ለአለቃሽ አታውልቂ፣ ጳጳስ ቢመጣ አታውልቂ። አጎንብሰሽ ሰላም በያቸው፤ ፈረንጅ ሲጎነበስለት ደስ ይለዋል። ሠላሳ ሰው በየጠዋቱ! አንድ ጊዜ የቀዘቀዘ እጅ ጓንት ውስጥ ሲመለስ ጓንቱ ብርዱን ይይዝለታል እንጂ አያሞቀውም። ጓንት ምድጃ አይደለም። ይዞ የሚያቆየው ያስገባሽለትን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቆነጠጥኩሽ እኔ ነኝ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የሻርኩትም እኔው ነኝ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ሽማግሌ አንዳንዴ ሕግ መሻር ያምረዋል። እማማ ሮማንወርቅንም ሳገኛቸው ይቅርታ እጠይቅልሻለሁ፤ እሳቸው እንደሆኑ ቆንጥጬሽ ሳልጨርስ ረስተውታል።

ለምን እዋሻለሁ? ልጁ ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል። ወጥ ቤቱን ይጠብቅ በዪው።

አታውልቂ።

አያትሽ


ጃንዋሪ 13 ቀን 2010
ከተራራው

ይድረስ ለውድ አባባ ዘርይሁን፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ ሬድዋን ነው። ሥራ ስለበዛብኝ ነው እንጂ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም። ደግሞ የእሱ ጽሕፈት ከእኔ ስለሚያምር ይደሰታሉ ብዬ ነው።

የጃንዋሪ ሦስቱ ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ምክርዎን ተቀብያለሁ። እሑድ ዕለት ትንሽ በርዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም ነገር ኖርማል ነው። በረዶው ያምራል። ምግቡ ጥሩ ነው። እማዬን ሳሙልኝ። ስልክ ብዙ እንዳይደውሉ፣ እዚህ ኔትወርክ ያስቸግራል።

ልጅዎ ማህደር

ጸሐፊው ሬድዋን ከአክብሮት ጋር እጅ ነስቻለሁ። አባባ፣ ከነገረችኝ ቃል ውጪ አንዲት ፊደል እንዳልጨምር አስምላኛለች። አልጨመርኩም።


ስትሪትሃም
ጃንዋሪ 18 ቀን 2010

ማህደር ልጄ፤

በመጀመሪያ ለሬድዋን፦ እግዜር ይስጥህ። መሐላህን አላፈረስክም፤ እኔም መስማት ያለብኝን ሰማሁ። ጽሕፈትህ ያምራል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ያህል የሚያምር ጽሕፈት ያለው ወንድ ከልጄ ልጅ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እመረምር ነበር። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ማህደር፣ ትናንት ደወልኩልሽ፤ "ደህና ነኝ" አልሽኝ። ድምፅሽ ደህና ነበር። ድምፅ ግን ጣት የለውም። ይህን የምታደርጊውን ነገር እኔ ካንቺ በፊት አድርጌዋለሁ። በፈረንጆቹ 1989 አያትሽ ተናኘወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገና አዲስ አበባ ነበረች። እኔም በሰው እጅ አስጽፌ "ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደህና ነኝ" ብዬ ላክሁላት። በዚያን ሰሞን ሆስፒታል ተኝቼ ነበር።

አንበሳ አልነበረም። ሰርግም አልነበረም። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አንድ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነበር፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ዲግሪ። እዚያ ሥጋ እደረድር ነበር። ጣቶቼ ከዚያም በፊት፣ ልክ እንዳንቺ፣ እንደ ጠመኔ ይነጡ ነበር፤ እናትሽን ዘሎ አንቺ ጋ ደረሰ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሥራውን እንዳያስለቅቁኝ ነዋ።

አንድ ጠዋት አዲስ ሠራተኛ ገባ። ቱታ ለብሷል፣ ጆሮው ድረስ ተጠቅልሏል። ዓይኑን ሳየው አወቅሁት፤ ጋሽ ጋሻው፣ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ። እንደዚያ ሱፍ ለብሶ ሰሌዳ ፊት የሚቆም ሰው፣ የበግ ጭን ሊሸከም መጣ። ምን ላድርግ? ጓንቴን አወለቅሁ። እሱም አወለቀ። ተጨባበጥን። "ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?" "ደህና፣ አንተስ?" "ልጆች?" "ደህና።" "ወንድምዎ?" እጄን አጥብቆ ያዘኝ። "ያ ጎበዙ ጓደኛህስ?" እኔም አጠበቅሁበት። አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። በዚያን ዘመን የሰላምታው ግማሽ ሙታን ነበሩ። እጁን ብለቅ የማለቅስ መሰለኝ፤ እሱም አልለቀቀኝም። የክፍሉ ኃላፊ እስኪጮህብን ድረስ እንደዚያው ቆምን። ስንት ደቂቃ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የቀኙ ጓንቴ የበረዶ ሣጥን ላይ ቆይቶ ነበር፤ እንደዚያው አጠለቅሁት።

በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። የፍል ውኃ ቧንቧ ነበረ፤ ለጠፍኳቸው። ምንም አልተሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። የሚቃጠለው ምን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የደነዘዘ ጣት እሳትን አያውቀውም፣ ማህደር። ስድስት ቀን ሸፈንኳቸው። ቀድሜ ሄጄ ቢሆን አንዱ ይተርፍ ነበር አሉኝ። ለአያትሽ ደብዳቤውን የጻፈልኝ ራሱ ጋሽ ጋሻው ነው። እሱ ከታች ምንም አልጨመረም። ሬድዋን ይሻላል።

ይህን ሁሉ ጃንዋሪ ሦስት ቀን ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። አፈርኩ። ሃያ ዓመት ያሳቅሁሽን ነገር እንዴት አድርጌ ላስለቅስሽ? ቀልዱን መረጥኩ። እውነቱን ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ እንኳ ደብዳቤው የደረሰሽ ከእሑድ በኋላ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ጣቶችሽ ይነጣሉ ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ልነግርሽ እችል ነበር።

አሁን ስሚኝ። ይህን እንዳነበብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ነገ አትበዪ። ማሞቂያ ላይ አድርገሻቸው ከሆነ ንገሪያቸው። አትሺያቸው፣ ቅቤ አትቀቢያቸው። ልጅ ልትቀበዪባቸው ነው። ሂጂ።

ዘርይሁን


ጃንዋሪ 24 ቀን 2010

አባባ፤

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ እንዲህ የሆነው ለዚያ ነው። እርስዎም በግራ የሚጽፉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሬድዋን ሽንኩርቱን ጥሎ መኪና ለምኖ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እሑድ ዕለት ወንበር በሚመስለው ሊፍት ወደ ላይ ስወጣ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ እርስዎ ነጭ ሪዝ አላቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። የእርስዎ ደብዳቤ ገና አልደረሰኝም ነበር። የቀኝ እጄን ሁለቱንም ጓንት፣ የላዩንም የውስጡንም፣ አወለቅሁ። ገመዱን አላሰርኩም ነበር፤ ወደቁ። ከዚያ ሊፍቱ አየር ላይ ቆመ። ሃምሳ ደቂቃ። ሰውዬው የራሳቸውን ጓንት ሊሰጡኝ ቢሞክሩ እምቢ አልኳቸው፤ የሽማግሌ ጓንት እንዴት እወስዳለሁ?

ማሞቂያው ላይ አድርጌያቸው ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ሬድዋን ጎትቶ አነሣኝ።

ሦስት ጣቶች ናቸው። ጫፋቸው ጠቁሯል። ሐኪሙ ሥጋው ይሙት አይሙት ገና አይታወቅም፣ ሦስት ሳምንት እንጠብቅ አለ። ጥሩ ነገር ነው የሄድሽው አለ። የሴፕቴምበሩን ትምህርት ስጠይቀው ፋሻውን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ፈርቻለሁ፣ አባባ። ቀልድ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ማህደር


ስትሪትሃም
ጃንዋሪ 30 ቀን 2010

ማህደር ልጄ፤

ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስትሪትሃምን ከላይ እስከ ታች በእግሬ ሄድኩ፤ እንደ ልማዴ የሚያስቅ ነገር ያጋጥመኛል ብዬ። ሱፐርማርኬቱ ጋ ስደርስ ደረጄ በሩ ላይ ነበር። "ያቺ ልጅ ጓንቱን ወደደችው?" አለኝ። አለፍኩት። ከኋላዬ ተከተለኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ለእናትሽ ነገርኳት። የአንቺንም የእኔንም። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ቀኝ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን እጅ ስታየው ኖራ፣ ትናንት ገና መንካቷ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ አንቺ ጋ ትደርሳለች።

እኔ ሌሊት ሌሊት የአንቺን ሦስት ጣቶች ስም እየጠራሁ እጸልያለሁ። ቀለበት። ትንሿ። መሐለኛዋ። እግዜር የሰው ስም መስሎት ማን ናቸው ብሎ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ይኸው፣ ቀልድ ልትዪው ትችያለሽ።

አያትሽ


ስትሪትሃም
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2010

ለአዋላጇ ማህደር፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በዚህ ጊዜ ማንም አላቋረጠኝም። ሁለት ጥፍር ሄዷል፤ ይበቅላል። የትንሿ ጣት ጫፍ ደንዝዟል፤ ሐኪሙ ምናልባት ዓመት ይፈጃል ብሏል። ጥቁሩ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ከሥሩ ሮዝ ሥጋ ወጥቷል። ሮዝ! የዚህን ቀለም ስም ከዚህ በፊት እንደ ዛሬ ወድጄው አላውቅም። ሮዝ የምትለዋን ቃል ለደረጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ቪክቶሪያ የአውቶቡስ ጣቢያ ስትደርሱ እኔ በር ላይ እቆማለሁ። ዝናብ ይሆናል፤ ሁሌም ነው። ካንቺ ጋር አንድ ዓይነት ድፍን ጓንት ለራሴ ገዝቻለሁ። ሻጯ አወቀችኝ፤ "ውድድሩ ተመለሰ?" አለችኝ። ለካስ ይህ ጓንት የተሠራው ለእኔ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ውስጡ ማን እንደጎደለ አይታወቅም።

አጠገቤ ስትደርሺ አታውልቂ። እኔም አላወልቅም። አንቺ አያትሽን፣ እኔ የልጅ ልጄን፣ ሕዝብ እያየን፣ ነውሩን ሁሉ ረስተን በጓንት እንጨባበጣለን። ያ ሬድዋን ሻንጣሽን ተሸክሞ አብሮ ከመጣም በጓንት እጨብጠዋለሁ፤ ግን ጠበቅ አድርጌ።

ከዚያ ቤት እንገባለን። ቦይለሩ ተሠርቷል። ሦስታችንም ማሞቂያው ጋ ሳንጠጋ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ቁጭ ብለን፣ አንቺና እኔ ጓንታችንን እናወልቃለን፤ እናትሽ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። አሥራ ስምንት መሆን አለበት።

ዘርይሁን